ተለማማጅ የቋንቋ መምህር «መምህር ነኝ» ለማለት የሚደፍረው መቼ ነው?

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ላይ ነኝ፤ የማስተምረው አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ «አለ» ብዬ ስጽፍ አንዲት ተማሪ «ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ቢሆን የሚጠብቀው ድምፅ በድርብ ፊደል ይጻፍላት ነበር። እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ቢሆንም ጉዳዩን አንድም ቀን አስቤበት ስለማላውቅ መልስ አጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ራሴን መምህር ብሎ መጥራት ከብዶኛል። እናንተ ይህን እንዴት አለፋችሁት?

መልስ፣ ከሐረር፦
እህቴ፣ እኔም ጀጎል አጠገብ ማስተማር ስጀምር ያስተማሩኝን መምህራን እየመሰልሁ ነበር፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማስነበብ፣ ቃል ጽሕፈት፣ ቀይ እስክሪብቶ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ አንድ ሰው ትምህርቱን እስኪጨርስ መምህራንን ወደ 13,000 ሰዓት ያህል ይመለከታል፤ የሚያየው ግን ከተማሪ መቀመጫ የሚታየውን ብቻ ስለሆነ፣ መምህሩ ያንን ለምን እንደመረጠ አያውቅም። የሶማሊኛ ተናጋሪ ልጅ «ጠራ» ለማለት «ተራ» ሲል ቸልተኛ መስሎኝ እቆጣ ነበር። ሶማሊኛ እንደ ጠ እና ጨ ያሉ ፈንጂ ድምፆች (አየር ጉሮሮ ላይ ታፍኖ በኃይል የሚለቀቅባቸው) እንደሌሉት ከተረዳሁ በኋላ ግን፣ ከአፉ በፊት ጆሮውን ማለማመድ ጀመርሁ። መምህርነቴ የተሰማኝ ያኔ ነው። ለጥያቄዋም መልስ አለሽ፦ አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት የሚጠብቀውን ፊደል አናቱ ላይ በነጥብ ያመለክታሉ፤ አንቺም እንደዚያው አሳያት።

መልስ፣ ከድሬዳዋ፦
የጋሼ ሐሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አብሮሽ የተመደበው መምህርም ይወስናል ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ልምምዴ የስም መጥሪያውን አስረክቦኝ የሄደ መምህር ገጥሞኝ፣ ወሩን ሙሉ እንግዳ ሆኜ ከረምሁ። በሁለተኛው የተመደቡልኝ መምህርት ግን ኋላ ተቀምጠው ይከታተሉኝና ስንወጣ «ዛሬ ማን ዝም አለ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። በዚያ ጥያቄ ምክንያት ዓይኔ ከዝግጅት ደብተሬ ወደ ልጆቹ ዞረ። እንዲህ የሚጠይቅሽ ሰው ከሌለ አንድ የሥራ ባልደረባ ለምኚ።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በአንዱ ብቻ «ለ» ላይ ነጥብ አድርጌ «አለ»ን ሁለት ጊዜ ጻፍሁላት፤ ሁለቱንም ለይታ አነበበችና «ታዲያ ገናስ?» አለችኝ። ሰኞ ከ«ገና» እና ከ«ዋና» እንጀምራለን።