ሸኻችን አንዱን ሙሪድ (ተከታያቸውን) ብቻ ሲያቀርቡ ልቤን ምን ላድርገው?

የደሴው፦
አሰላሙ ዓለይኩም። ሐሙስ ማታ ሐድራ (የዚክርና የዱዓ ስብስብ) እንቀመጣለን። ሸኻችን ከአጠገባቸው የማያርቁት አንድ ልጅ አለ። ከመጣ ብዙም አልቆየ። የቡናቸውን ትራፊ ለእሱ ነው የሚሰጡት፤ ቱፍታውም (ምርቃቱም) ከእሱ ይጀምራል። ፍም ስናቀርብ፣ ጀበና ስናጥብ የኖርነው ዝም ብለን እናያለን። ልጁን አልጠላውም፤ ጨዋ ነው። የቸገረኝ ሌላ ነው። ዚክሩ ሲጀመር ዓይኔ ፍንጃሉ ላይ ነው። ምላሴ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ይላል፣ ልቤ «ዛሬስ ለማን ይሰጡ ይሆን» ይላል። ልንገራቸው ወይስ ሐድራውን ልተው?

የቃሉ ደረሳ፦
ወዓለይኩሙሰላም ወንድሜ። በጥንቱ የሱፊ ሸህ በጁነይድ ስም የሚተረከውን ታውቀው የለ? ደረሶቹ «ለምን ያን አንዱን ልጅ ታበልጣለህ?» አሉት። ለሁሉም ወፍ ሰጣቸውና «ማንም በማያይበት ቦታ እረዱ» አለ። ሁሉም አርደው መጡ። ያ ልጅ ግን ወፏን ከነነፍሷ መለሳት፤ አላህ የማያይበት ቦታ አጣሁ ብሎ። ሸሁ የሚያዩትን አንተ አታይም። ሰብር አድርግ።

ኡሙ ዘይነብ፦
ይቺ የወፍ ታሪክ ሸህ በተወቀሰ ቁጥር ትመዘዛለች! ግን ሁሉም ሸህ ጁነይድ ነው እንዴ? የሶሓባው የኑዕማን ኢብን በሺር አባት ለኑዕማን ብቻ ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሁኑልኝ ሲላቸው እምቢ አሉት፤ በልጆቻችሁ መሃል ፍትሐዊ ሁኑ አሉ። ሸህም አባት ነው። ለልጁም ቢሆን አያዋጣም። በሰው ፊት እንዲህ ከፍ ከፍ ያለ ልጅ ዑጅብ (በራስ መደነቅ) ካልያዘው ይገርመኛል። ብቻቸውን ስታገኛቸው በአደብ ንገራቸው።

መንገደኛው፦
ይንገራቸው፤ ግን ልጁ ቢሄድ ይድናል? ኮንያ ላይ የሱፊው ገጣሚ የሩሚ ሙሪዶች፣ ሩሚ ከሁሉ ያቀረበውን ደርቪሽ (ተንከራታች ሱፊ) ሸምስ ተብሪዚን መምህራችንን ቀማን ብለው አንገሸገሹት። በ1246 ወደ ደማስቆ ሄደ። ተመልሶ መጣ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። እፎይ ሊሉ ነው ስትል ሩሚ ሰላሁዲን የሚባል ወርቅ ሠሪ አቀረበ። እነዚያው ሰዎች «ይሄ ያልተማረ!» ብለው ተነሱ። ያኛው ይሻል ነበር አሉ እኮ! ዓሊሙ አል-ጋዛሊ ለሐሰድ (ለምቀኝነት) ያዘዙት ነፍስን በተቃራኒው ማስገደድ ነው። ልታማው ስትል አመስግነው፣ ልትኮራበት ስትል ኸድመው (አገልግለው)። መራራ ነው።

የደሴው፦
ጀዛኩሙላህ። ሐሙስ ቡናውን ለልጁ እኔ አቀርብለታለሁ፣ እስቲ ነፍሴ ምን እንደምትል ልያት። ኡሙ ዘይነብ፣ ሸሁን ማናገሩንም አልተውኩትም። ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው? «ትራፊዎን ለእኔም» ልበላቸው?