የኔፓል ኩክሪዬ እጀታ ይነቃነቃል፤ የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ወገን! ከኔፓል ያስመጣኋቸው ሁለት ኩክሪዎች (ጎበጥ ያሉ የኔፓል ትልልቅ ቢላዎች) ሰሞኑን ደረሱኝ። ሁለቱም ከመኪና ባሌስትራ በእጅ የተቀጠቀጡ ናቸው። የመዶሻው ምት ጎናቸው ላይ አሁንም ይታያል። ስለታቸውማ ጉድ ነው! አንጥረኞቹ የጋለውን ብረት ስለቱ ላይ ብቻ ከማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈሰሱ ያጠነክሩታል። ጀርባው ለስለስ ብሎ ስለሚቀር ምት ይችላል። በብረቱ ቅር አላለኝም።

ችግሬ እጀታው ነው። የትልቁ ብረት እስከ እጀታው ጫፍ ይዘልቃል፤ ግራና ቀኝ እንጨት ተለብጦ በሚስማር ተመቷል። ንቅንቅ አይልም። የትንሹ እጀታ ግን የጎሽ ቀንድ ነው። ውስጡ የገባው ብረት ቀጭን ሲሆን፣ የያዘው ላሃ የሚባል ባህላዊ ሙጫ ነው። ስወዘውዘው ቀጭ ቀጭ ይላል። እጀታው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት የነሐስ ቀለበት ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታክል ክፍተት አለች፤ በጥፍሬ ስጭራት ጥቁር ዱቄት ትተፋለች።

ሻጩን ብጠይቀው «ችግር የለውም፣ ተጠቀምበት» አለኝ። ስቆርጥበት ወልቆ ቢበርስ?

ላሃ በሙቀት ይለሰልሳል። ታዲያ ብረቱን አሙቄ መልሼ ልጫነው? ቀንዱ እንዳይጣመም ሰጋሁ። ወይስ ሙጫውን ጠርጌ በኢፖክሲ (ተቀላቅሎ በሚጠነክር ዘመናዊ ማጣበቂያ) ልሙላው? በተለይ ቀንድ የምትሠሩ ሰዎች፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

በዚያው፣ ከአፎቱ ጀርባ የተሰካችው ቻክማክ የምትባል ዱልዱም ትንሽ ቢላ ስለት ማስተካከያ ናት ይላሉ። እንዴት ነው የምትያዘው?