ቀረጻው ከተጋመሰ በኋላ ዳይሬክተር መለወጥ፦ ፊልሙን ማዳን ነው ወይስ ለአንድ ፊልም ሁለቴ መክፈል?

አስተባባሪ፦
የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። እንደ ስታር ዋርስ ያለ ትልቅ ተከታታይ ፊልም ቀረጻው ከተጋመሰ በኋላ ስቱዲዮው ዳይሬክተሩን አሰናብቶ ሌላ ቢተካ ተገቢ ነው? መነሻችን የስታር ዋርስ ተከታታዩ አካል የሆነው «ሶሎ» ይሁን። ለማያስታውስ ባጭሩ፦ ፊል ሎርድና ክሪስቶፈር ሚለር እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ለንደን አጠገብ ባለው ፓይንዉድ ስቱዲዮ ቀረጻ ጀመሩ። ከአራት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ ዋናው ቀረጻ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ጁን 20 ቀን መሰናበታቸው ተነገረ። ከሁለት ቀን በኋላ ሮን ሃዋርድ መተካቱ ተሰማ። ቀረጻው ኦክቶበር 17 ቀን አለቀ፣ ፊልሙም ሜይ 25 ቀን 2018 ወጣ። ማንን እንደምትወዱ ሳይሆን ሥራው ምን እንደሚጠይቅ እያያችሁ ተከራከሩ።

አንደኛ ረዳት፦
እኔ የቀን ፕሮግራሙን የማስኬድ የዳይሬክተር ረዳት ነኝና ማሰናበቱን እደግፋለሁ። ምክንያቴም የሚነሳው ከቀን ፕሮግራሙ ነው። በዚህ መጠን ያለ ፊልም በቀን ከስክሪፕቱ አንድ ተኩል ገጽ ከቀረጸ ጥሩ ሄዷል ይባላል። ሎርድና ሚለር የመጡት ከኮሜዲና ከአኒሜሽን ነው። ተዋናዩ ካሜራ ፊት ቃሉን እየለዋወጠ ደጋግሞ እንዲሞክር ይፈቅዳሉ። ስክሪፕቱን የጻፉት ሎረንስ ካስዳንና ልጁ ጆናታን ደግሞ የተጻፈው እንዲነገር ይፈልጉ ነበር። ይህን የጠባይ ግጭት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት።

ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሚነጋገሩበትን ቀላል ሲን (ትዕይንት) ውሰዱ። ሁለቱን ከራቅ ብሎ የሚያሳይ ዋይድ፣ ከአንዱ ትከሻ በላይ ወደ ሌላው፣ ከዚያኛው ትከሻ ወደዚህኛው፣ ፊታቸውን በቅርብ የሚያሳይ የየራሳቸው ክሎዝ አፕ፣ በመጨረሻም ጠረጴዛው ላይ ያለው ካርታ ለብቻው። ስድስት የካሜራ አቀማመጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ መብራቱን ማስተካከል ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ተዋናዩ በዋይዱ ላይ ያልተጻፈ ቃል ተናግሮ ያ ቃል ከተወደደ በክሎዝ አፑም ያንኑ መድገም አለበት። ካልደገመው ኤዲተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ያጣል። ሰዓቱ በሙከራ ካለቀ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው የካሜራ አቀማመጥ ነው። በወቅቱ በወጡ ዘገባዎች ላይ ከተነሱት ቅሬታዎች አንዱ ይኸው ነበር፦ ሙከራው ብዙ፣ ማዕዘኑ ጥቂት። ሊቀናበር የማይችል ቀረጻ በየቀኑ ሲከመር የፊልሙ ባለቤት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም።

ኤዲተር፦
ወንድሜ፣ የዘረዘርከው ሁሉ ልክ ነው፤ የሚመሰክረው ግን በአንተ ላይ ነው። የዛሬው ቀረጻ ነገ ስቱዲዮው ዘንድ ይታያል። ኤዲተሩም ቀረጻው ሳያልቅ ከሥር ከሥሩ ልቅ ቅንብር (ገና ያልተጣራ የመጀመሪያ ቅንብር) ይሠራል። ማዕዘን ከጎደለ በአሥረኛው የቀረጻ ቀን ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ሲኑ አይገጣጠምም፣ ወይም አንድ ዋይድ ላይ ደርቆ ይቀራል። ታዲያ በአምስተኛው ወር ያሰናበተው ስቱዲዮ አራት ወር ሙሉ ምን ሲያይ ነበር? በዚያው ቀረጻ ወቅት ኤዲተሩ ክሪስ ዲከንስ ወርዶ ፒዬትሮ ስካሊያ ተተክቷል። ስለዚህ አንድ ነገር እንዳልተስማማቸው አውቀው ነበር፤ የነኩት ግን ካሜራው ያለበትን ቦታ ሳይሆን የቅንብር ክፍሉን ነው። እኔ የምቃወመው ማሰናበትን አይደለም። እያዩ ቆይቶ ማሰናበትን ነው።

የበጀት ሰው፦
ቁጥሩን ልዘርዝር። 120 ገጽ ስክሪፕት በቀን አንድ ተኩል ገጽ እየተቀረጸ 80 ቀን ይፈልጋል። ሃዋርድ የፊልሙን 70 በመቶ ያህል እንደ አዲስ እንደቀረጸ በሰፊው ተዘግቧል። በኔ ምሳሌ ከ80 ቀን 70 በመቶው 56 ቀን ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ ከ11 ሳምንት ይበልጣል። ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት የነበረ ሥራ ማለት ነው ይህ። በእያንዳንዱ ሳምንት የሠራተኛው ደሞዝ፣ የስቱዲዮው ኪራይ፣ የተዋናዮቹ ትርፍ ሳምንት፣ ሆቴልና መኪና ይከፈላል። የአዲሱ ዳይሬክተር ክፍያም በላዩ ይጨመራል።

ኢንሹራንስ አለ የሚል ካለ ደግሞ፣ ኢንሹራንሱ ዳይሬክተሩ ቢታመም ወይም ቢሞት እንጂ ስቱዲዮው ፈቅዶ ቢያሰናብተው አይከፍልም። በገለልተኛ ገንዘብ የሚሠሩ ፊልሞች ሥራው እንዲጠናቀቅ ዋስ የሚሆን ድርጅት አላቸው፤ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ግን አደጋውን የሚሸከሙት ራሳቸው ናቸው። ወጪው ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደደረሰ ተዘግቧል። በዓለም ዙሪያ የተሸጠው ትኬት 393 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ሲኒማ ቤቶቹ ዘንድ ይቀራል። የማስታወቂያው ወጪ ገና አልተነካም።

ኪሳራውን ሁሉ በዳይሬክተር ለውጡ ላይ መጫን ግን ሐቅ አይሆንም። ካለፈው የስታር ዋርስ ፊልም አምስት ወር ብቻ ቆይቶ፣ «ዴድፑል 2» በወጣ በሳምንቱ ነው ለተመልካች የቀረበው። ለኔ ትልቁ ጥፋት የመውጫው ቀን አለመነካቱ ነው።

ኮንቲኒዩቲ፦
እኔ ሥራዬ የተቀረጸው ሁሉ እርስ በርሱ እንዲገጥም መከታተል ነው። ስለ ቀንና ስለ ገንዘብ ስትከራከሩ ተዋንያኑን ረሳችኋቸው። ማይክል ኬ. ዊልያምስ በመጀመሪያው የሶሎ ቀረጻ ላይ የወንጀለኞች አለቃ የሆነውን ድራይደን ቮስን ተጫውቶ ነበር። ሃዋርድ ሲመጣ ገጸ ባሕርዩ ከአዲሱ አቅጣጫ ጋር እንዲገጥም ድጋሚ መቀረጽ አስፈለገው። ዊልያምስ ግን በዚያ ሰዓት አፍሪካ ውስጥ ሌላ ፊልም ላይ ነበር፤ ከዚያም በቴሌቪዥን ድራማ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ተይዟል። መጠበቅ ማለት የመውጫውን ቀን መግፋት ስለሆነ ክፍሉ ለፖል ቤታኒ ተሰጠ። ገጸ ባሕርዩም በኮምፒውተር ከሚሠራ ፍጡርነት ፊቱ ላይ ጠባሳ ወዳለው ሰውነት ተለወጠ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ነገር ዊልያምስ ያኔ ሲቀረጽ የነበረው ፊልም ነው፦ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል የወጡበትን ዘመን የሚተርከው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት»፤ እሱም ከበደ የተባለውን ኢትዮጵያዊ ይጫወታል።

አንድ ተዋናይ ሲለወጥ ስንት ነገር እንደሚከተለው ቁጠሩት። አብሮት የቆመው ተዋናይ ሁሉ እንደገና መምጣት አለበት፤ የሚመለስለት ቃልና የሚያይበት አቅጣጫ ሌላ ሆኗልና። አልባሱ በአዲስ ልክ ይሰፋል። የፈረሰ ክፍል ካለ እንደገና ይሠራል።

ሰውየው ሲመለስም ፊቱ ያው ላይሆን ይችላል። በ«ጀስቲስ ሊግ» ድጋሚ ቀረጻ ላይ ሄንሪ ካቪል ለ«ሚሽን ኢምፖሲብል» ያሳደገውን ጢም መላጨት ስላልተፈቀደለት ጢሙ በኮምፒውተር ተነሣ። የፊልሙን መክፈቻ ከፍታችሁ የላይኛውን ከንፈሩን ተመልከቱ፤ ሲናገር ቆዳው ከአፉ ጋር አብሮ አይሄድም። ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አንደኛ ረዳት፦
እህቴ፣ ያልሽው አይካድም። ነገር ግን መለወጥ ሁልጊዜ ይበላሻል የሚለውን የሚያፈርስ ማስረጃ አለ። ከ«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ብራያን ሲንገር የተሰናበተው በዲሴምበር 2017 መጀመሪያ፣ ቀረጻው ሊያልቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዴክስተር ፍሌቸር ጨረሰው። ፊልሙ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ አራት ኦስካር ወሰደ፤ አንዱ የኤዲቲንግ ነው።

ኤዲተር፦
ተከታታይ ፊልም ባይሆንም ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን የለወጡትን ከሶሎው ጋር አስተያየው። ፍሌቸር የመጣው የቀረውን ሊጨርስ ነው። ስክሪፕቱ ያው፣ ተዋንያኑ ያው፣ ኤዲተሩም ያው ጆን ኦትማን። ሃዋርድ የመጣው ግን የተሠራውን ሊያፈርስ ነው። ሁለቱንም «ዳይሬክተር ተለወጠ» ብለን በአንድ ቃል ስለምንጠራቸው ነው ክርክሩ የሚደናገረው። የመጀመሪያው ጣሪያ ማልበስ ነው፤ ሁለተኛው መሠረት መቆፈር።

ካሜራ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በሶሎ ሲኒማቶግራፈሩ (የካሜራና የብርሃን ኃላፊው) ብራድፎርድ ያንግ አልተለወጠም። ሁለት ዓይነት እጅ የነካው ፊልም በብርሃኑ አንድ ሊመስል የቻለው በዚህ ይመስለኛል። የጠፈር መርከቧ መሪ ክፍል የተቀረጸው በመስኮቱ ውጭ በተዘረጋ ግዙፍ ስክሪን ላይ የጠፈሩ ምስል እየታየ ነው፤ ተዋናዩ ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከዚያ ስክሪን ይመጣል። ይህ አሠራር የውጩ ምስል ከቀረጻው በፊት እንዲያልቅ ያስገድዳል። አዲሱ ዳይሬክተር የሲኑን ቅደም ተከተል ልለውጥ ካለ ምስሉም እንደገና ሊሠራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ልቅረጽ» ሳይሆን «ምን ተሠርቶ አልቋል» ነው።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ከስክሪፕቱ ጋር አለመስማማት ከሆነ ችግሩ፣ ሎረንስ ካስዳን ራሱ ዳይሬክተር ነው፤ ለምን እሱ አልጨረሰውም?

አንደኛ ረዳት፦
የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ ይከለክላል። በ1976 የወጣው የ«ዘ አውትሎ ጆሲ ዌልስ» ዳይሬክተር ፊሊፕ ካፍማን ተሰናብቶ ዋናው ተዋናይ ክሊንት ኢስትዉድ ራሱ ቦታውን ያዘ። ከዚያ በኋላ በፊልሙ ላይ አስቀድሞ የሚሠራ ሰው የተሰናበተውን ዳይሬክተር እንዳይተካ ተደነገገ። ተዋናይም ሆነ ፕሮዲዩሰር ወንበሩን አይቶ እንዳያሴር ነው። ደንቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ዋጋ አለው። የሚመጣው ሰው ፊልሙን ከውጭ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ የተቀረጸውን በሙሉ ተቀምጦ ማየት አለበት።

ኮንቲኒዩቲ፦
የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወሰኑትም እዚያ ላይ ነው። አዲሱ ዳይሬክተር ከኤዲተሩ ጋር ሲቀመጥ ሊለየው የማይገባ ወረቀት የኮንቲኒዩቲ ሠራተኛዋ ስክሪፕት ነው። በየገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ካሜራ አቀማመጥ ቁልቁል መስመር ተሰምሯል፤ ተናጋሪው በካሜራ ሲታይ ቀጥ ያለ፣ ድምፁ ብቻ ሲሰማ ጥምዝምዝ። አንድ ንግግር ላይ ጥምዝምዝ ብቻ ካለ ያንን ቃል ሲናገር ፊቱ የተቀረጸበት ቦታ የለም ማለት ነው። ከዚያ ሲኖቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ እንዳለ የሚቀመጥ፣ አንድ ሁለት ማዕዘን የሚጨመርለት፣ ከነጭራሹ የሚደገም። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በመካከለኛው ላይ ነው። አንድ ክሎዝ አፕ ብቻ ይበቃል ብለው ይጠሩታል፤ ተዋናዩ ሲመጣ ፀጉሩ አድጓል፣ ኪሎ ቀንሷል፣ ሲኑ በሙሉ ይደገማል።

ለዚህ ከ«ሱፐርማን 2» የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ሪቻርድ ዶነር አብዛኛውን ቀርጾ ከተሰናበተ በኋላ ሪቻርድ ሌስተር ጨረሰው፤ ጂን ሃክማንም አልመለስም ስላለ በምትክ ሰውና በሌላ ድምፅ ተሞላ። በ2006 የዶነር ቅንብር ሲወጣ አንዱ ቁልፍ ሲን ጨርሶ ስላልተቀረጸ ከተዋንያኑ የሙከራ ቀረጻ ተገጣጥሞ ገባ። ክሪስቶፈር ሪቭ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ንግግር መካከል፣ አንዴ ቀጭን አንዴ ወፍራም ሆኖ ይታያል፤ ፀጉሩም ይለዋወጣል።

ኤዲተር፦
አንድ ሒሳብ ይቀራል። በማኅበሩ ውል መሠረት የትልቅ ፊልም ዳይሬክተር የራሱን ቅንብር ለማዘጋጀት ቢያንስ 10 ሳምንት መብት አለው። ሶሎ ኦክቶበር 17 ተቀርጾ አልቆ ሜይ 25 ወጣ፤ 31 ሳምንት ነው። አሥሩ ሲወጣ 21 ይቀራል። ለሙዚቃ፣ ለድምፅ፣ ለቀለም፣ በኮምፒውተር ለሚሠራው ምስል ሁሉ ያለው ያ ነው። የኮምፒውተር ምስሉ የሚጀመረው የእያንዳንዱ ሾት (ሳይቋረጥ የሚታይ ምስል) ርዝመት ሲወሰን ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ሲን አጥጋቢ ሳይሆን ለቀኑ የደረሰውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የበጀቱ ሰው የመውጫው ቀን ጥፋት ነው ሲል እስማማለሁ።

የበጀት ሰው፦
እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። እኔ ብፈርም ኖሮ በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገባ ነበር፦ በ15ኛው የቀረጻ ቀን ማታ ስቱዲዮው፣ ዳይሬክተሩና ጸሐፊው ሦስት የተቀናበሩ ሲኖች አብረው ያያሉ። መለያየት ካለ ያኔ ይለያያሉ። ከዚያ ካለፈ ስቱዲዮው የሚያሰናብተው የመውጫውን ቀን ቢያንስ ስድስት ወር ለመግፋት ከተስማማ ብቻ ነው።

አንደኛ ረዳት፦
ስድስት ወሩን እቀበላለሁ። 15ኛውን ቀን ግን አልቀበልም። ቀረጻ በስክሪፕቱ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሚቀረጹት ብዙ ጊዜ የውጭ ቦታና የሩጫ ሲኖች ናቸው። የዳይሬክተሩ ችግር ንግግር ላይ ከሆነ በ15ኛው ቀን ምንም አታይም። አንቀጽህ እንዲሠራ ፕሮግራሙ ራሱ ከመጀመሪያው አሥር ቀን ውስጥ ቢያንስ ሁለት የንግግር ሲን እንዲይዝ ማስገደድ አለበት፤ አንዱ ሁለት ሰው፣ አንዱ ከአራት ሰው በላይ ያለበት። ያንን ጨምርበትና እኔም እፈርማለሁ።