ባህር ዳር ላይ የሳይክል ፍሬን ለምታሠሩ፦ የት ይሻላል፣ የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ክረምት ሲገባ «ፍሬኔ አልይዝ አለ፣ ማን ጋ ልውሰደው?» የሚለኝ ሰው ይበዛል። የማወራው ቸርኬውን (ኮፐርቶኑ የሚገጠምበትን ክብ) ከግራና ከቀኝ በጎማ ስለሚይዘው ፍሬን ነው። የዲስኩ ሌላ ነው።

ለማስተካከል ብቻ ከሆነ የመንገድ ዳር ሠሪዎችን እመርጣለሁ። ሱቆቹ ዕቃ ለመግዛት ይሻላሉ፣ አማርጣችሁ ታያላችሁ። ሠሪውን ግን መጀመሪያ በሚነካው ነገር ለዩት። ገና ሲቀበላችሁ ካቦውን ስቦ የሚያጠብቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ጥሩ ሠሪ ሳይክሉን አንስቶ ጎማውን ያሽከረክራል፤ ቸርኬው ከተጣመመ ፍሬኑ በአንድ በኩል ይነካል፣ እንዳይነካ ሲያላሉት ደግሞ እጀታው መሪው ድረስ ይገባል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቸርኬው መቃናት አለበት።

የፍሬን ጎማ ስትገዙ ሮንዴላውን እዩ። ለቪ ብሬክ (ካቦው ሁለት ረጃጅም ክንዶችን ከግራና ከቀኝ የሚስብበት ፍሬን)፣ ጎድጎድና ቆብ ቆብ ያሉ ሮንዴላዎች ያሉትን ረጅሙን ውሰዱ። እሱ ወደፈለጋችሁት ያዘነብላል። ጠፍጣፋ ሮንዴላ ብቻ ያለው ርካሹ አያዘነብልም፣ ሲጮህባችሁ ይከርማል። ሲታሰር የፊቱ ጫፍ ከኋላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን ይንካ፤ ከኋላው በኩል የታጠፈ ወረቀት አስገብቶ ማጥበቅ ነው። ኮፐርቶኑን ፈጽሞ እንዳይነካ፣ ይቀደዋል። ወርዶ ከቸርኬው በታች ከገባ ደግሞ ሽቦዎቹ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ይጥላችኋል።

በፍሬን ጎማውና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። አንዱ ጎን ብቻ ከነካ ካቦውን አትፍቱ። በሚነካው ጎን ክንድ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ አጥብቁ፣ ያ ጎን ይርቃል። ይቺን ቤታችሁ ሥሩት፣ ገንዘብ አትክፈሉበት።

እጀታው ከብዶ አልመለስ ካለ ጥፋቱ የፍሬን ጎማው ላይሆን ይችላል። ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። የማይዝገውን ጠይቁ፣ ትንሽ ቢወደድም ሽፋኑን አብራችሁ ቀይሩት።

ቸርኬያችሁ ላይ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው። ብረት ቸርኬ በዝናብ ሲረጥብ ፍሬን በደንብ አይዝለትም፣ የፈለጋችሁትን የፍሬን ጎማ ብትገዙ። ፔዳና ጊዮርጊስ አካባቢ ሜዳው ላይ ያስኬዳል፤ ከቤዛዊት ኮረብታ ለምትወርዱ ግን አሉሚኒየም ቸርኬ ግዙ እላለሁ፣ ሌላው ወጪ ይቆይ።

ፍሬን ሲጮህ ቸርኬው ላይ ዘይት ጠብ የሚያደርጉ አሉ። እባካችሁ እንዳታስነኩ! ጩኸቱ ይቆማል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። በሳሙና ውሃ ይታጠብ፣ የፍሬን ጎማው ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ።

ዓባይ ማዶ በኩል ቸርኬ አሳምሮ የሚያቃና የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ እዚያ ለሚኖሩት የምላቸው አጥቻለሁ።