የስፓይን ልክ፣ ሳጥን የሆነ ፊደል፣ የቅድሚያ አንባቢ (ጥያቄና መልስ)

አዲስ ብዕር (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልቦለድ በአማዞን ኬዲፒ (ደራሲ መጽሐፉን ራሱ በሚያሳትምበት አገልግሎት) በፔፐርባክና በኢ-ቡክ ላወጣ ነው። 240 ገጽ፣ 6 በ9 ኢንች፣ ክሬም ወረቀት፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ። ሽፋኑ «የስፓይኑ ጽሑፍ ወደ ጠርዝ ተጠግቷል» ተብሎ ተመለሰ (ስፓይን መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ውፍረቱ ነው)። ስፓይኑ 13.7 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ህዳጉ 10 ሚሊ ሜትር ነው። በየምዕራፉ ራስ ያሉት ጥቂት የአማርኛ መስመሮችም በፕሪቪው ላይ ባዶ ሳጥን ሆነዋል። ሌላው፣ ኢ-ቡኩን ለአማዞን ብቻ በሚያስይዘው በኬዲፒ ሴሌክት ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ደንብ ሳልጥስ በአማዞን ላይ ስለ መጽሐፉ አስተያየት የሚጽፉ አንባቢዎችንስ እንዴት ላግኝ?

ህዳግ ጠባቂ፦
ሽፋኑን ለጊዜው ይተዉት፤ መጀመሪያ ውስጡ ይስተካከል። ከ151 እስከ 300 ገጽ ላለው መጽሐፍ በመጠረዣው በኩል ቢያንስ 12.7 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል፤ 10 አያልፍም። 12.7ም ዝቅተኛው ነው። በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይዘረጋ 17 ወይም 18 ቢያደርጉት አንባቢ በሁለት እጁ እየፈለቀቀ አያነብም። ህዳጉ ሲሰፋ ግን ጽሑፉ ይገፋል፣ ገጹ ይጨምራል፣ ስፓይኑም አብሮ ይወፍራል። ሽፋን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሠራው ለዚህ ነው።

13.7 የነጭ ወረቀት ስሌት ነው። አንድ ገጽ በነጭ 0.0572፣ በክሬም 0.0635 ሚሊ ሜትር ይይዛል። 240 ገጽ በክሬም 15.24 ነው፤ ህዳጉን አስፍተው 252 ቢደርስ 16 ይሆናል። (ገጽ ስል ቅጠል ማለቴ አይደለም፤ አንዱ ቅጠል ሁለት ገጽ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።)

የ252 ገጹን እንውሰድ። ስፋቱ፦ የፊት ሽፋን 152.4፣ የኋላው 152.4፣ ስፓይን 16፣ ብሊድ (ተቆርጦ የሚወድቅ ትርፍ ጠርዝ) በግራና በቀኝ 3.2፣ 3.2 ሲደመር 327.2 ሚሊ ሜትር። ቁመቱ 228.6 ላይ ከላይና ከታች ብሊድ ተጨምሮ 235። የስፓይኑ ጽሑፍ ከሁለቱም እጥፋት 1.6 ይራቅ፤ ስለዚህ ከ12.8 ሚሊ ሜትር በላይ አይወፍርም። ከኋላው ሽፋን በስተቀኝ ታች ለባርኮድ 50.8 በ30.5 የሚሆን ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ካልተዉ በጽሑፍዎ ላይ ያርፋል። ኬዲፒ የገጽ ቁጥርና የወረቀት ዓይነት ሲሰጡት ልኩ የተሰመረበት የሽፋን ቴምፕሌት አውጥቶ ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ ቢሠሩ ይሻላል።

ፊደል ለቃሚ፦
ሳጥኑ የመጣው የአማርኛው ፎንት ከፋይሉ ጋር ስላልሄደ ነው። በዎርድ ከሆነ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ፎንት ኢምቤድ የሚያደርገውን ምልክት ያድርጉና ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት። ከዚያ ፒዲኤፉን በአክሮባት ከፍተው በፕሮፐርቲስ ሥር ፎንትስ የሚለውን ይዩ፤ ከእያንዳንዱ ፎንት ጎን «ኢምቤድድ» ካላለ አይስቀሉት። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሲል ይጠቀሙ፤ ሁለቱም ፈቃዳቸው ክፍት ነው።

መስመሮቹ የተተየቡት ዩኒኮድ (ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር እኩል እንዲነበብ የሚያደርግ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ ሶፍትዌር ከሆነ ግን ፎንት መቀየር አያድናቸውም፤ ፊደሉ ትርጉም ወደሌላቸው የላቲን ፊደላት ይለወጣል። ጥቂት መስመር ስለሆነ እንደገና ይተይቡት። ደግሞ የእኛ ፊደል በቁመቱ የመስመሩን ክፍተት ይገፋዋል። የእንግሊዝኛው ፊደል መጠን 11 ነጥብ ከሆነ አማርኛውን 10 አድርገው፣ የመስመር ክፍተቱን ከአውቶማቲክ አውጥተው በተወሰነ ቁጥር፣ ለምሳሌ 15 ነጥብ፣ ይሰሩት።

ቆጣሪው፦
ሴሌክት ይግቡ ባይ ነኝ። ለመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ያውም ስም በሌለበት፣ በኪንድል አንሊሚትድ (በወር ክፍያ ኢ-ቡክ በሚነበብበት የአማዞን አገልግሎት) የሚያነቡ ሰዎች ለመጽሐፉ ለብቻው ሳይከፍሉ ስለሚሞክሩት በር ይከፍታል። አንዱ ምዝገባ በሚቆይበት 90 ቀን ውስጥ ኢ-ቡኩን 5 ቀን በነጻ መስጠትም ይቻላል። አምስቱን በአንዴ አይጨርሱ፤ ሁለቱን ሲወጣ፣ የቀረውን ወር ካለፈ በኋላ።

ማርገጃ፦
አልስማማም። ሴሌክት ማለት በ90 ቀኑ ኢ-ቡኩ የትም ሌላ ቦታ፣ በራስዎ ድረ ገጽም ቢሆን፣ አይሸጥም ማለት ነው። ወረቀቱን አይመለከትም። ከገቡ ምዝገባው በራሱ እንደሚታደስ ይወቁና ምልክቱን አስቀድመው ያንሱ። አይ ኤስ ቢ ኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ላይም ይጠንቀቁ፦ ኬዲፒ በነጻ የሚሰጠው ከኬዲፒ ውጭ አይሠራም። ሌላ ቦታም ላሳትም ካሉ የራስዎን ይያዙ፤ ከወጣ በኋላ መቀየር የለም። ኢ-ቡኩ ግን አያስፈልገውም።

አዲስ ብዕር፦
በጣም አመሰግናለሁ። የአስተያየቱ ነገርስ?

ቆጣሪው፦
የቅድሚያ ቅጂ (መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት የሚሰጥ) በነጻ መስጠት ይፈቀዳል፤ «በምትኩ አስተያየት ጻፍልኝ» ማለት ግን አይፈቀድም። የቤተሰብና የቅርብ ጓደኛ አስተያየት፣ የተከፈለበት፣ «አንተ ለእኔ እኔ ለአንተ» ተባብሎ የተጻፈ ሁሉ ክልክል ነው፤ ሊሰረዝም ይችላል። ከመውጣቱ 6 ሳምንት በፊት በዘውጉ የሚያነቡ ሰዎችን ይምረጡ፤ ብዛት አይሁን ምርጫዎ። መልእክትዎ አጭር ይሁን፦ ዘውጉ፣ የገጹ ብዛት፣ የሚወጣበት ቀን፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ስለ ታሪኩ፣ ፋይሉ በምን ዓይነት እንደሚላክ። በወጣ ቀን ገጹን የሚያሳይ ሊንክ ይላኩላቸው፤ ኢ-ቡኩ በቅድመ ትእዛዝ ላይ እያለ አማዞን አስተያየት አይቀበልም። በአማዞን ዶት ኮም ለመጻፍ ደግሞ አንባቢው ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 50 ዶላር የገዛ መሆን አለበት፤ ሲመርጡ ይህን ይጠይቁ፣ አለዚያ ቅጂውም ልፋቱም ከንቱ ነው።

ህዳግ ጠባቂ፦
ቅድመ ትእዛዝ ካሉ የመጨረሻው ፋይል ከሚወጣበት ቀን 72 ሰዓት በፊት መግባት አለበት። ከዚያ በፊት የወረቀት ፕሩፍ (የሙከራ ቅጂ) ይዘዙ፤ ሽፋኑ ላይ «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ጥብጣብ ስለሚታተምበት አይደንግጡ። ሲደርስዎ መሃሉን ይክፈቱና በመጠረዣው በኩል ያለው የመስመሩ የመጨረሻ ፊደል ያለ ጉልበት መነበቡን ይዩ።