አስቸኳይ! ገጹ 20 ሰከንድ እየፈጀ ነው፤ ሎጂኩን የት ላድርገው?

እንቅልፍ አልባ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ። የትዕዛዞች ዝርዝር ለመከፈት 20 ሰከንድ ይፈጃል። እስከ ትናንት ደህና ነበር። ቅናሽ የሚያሰላውን ሰርቪስ (የስሌቱን ኮድ) ቪው ፋይሉ (ገጹን የሚያሳየው) ውስጥ ኢንጀክት አድርጌ (አስገብቼ) ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ሉፑ ውስጥ እጠራዋለሁ። ወደ ኮንትሮለር (ጥያቄ ተቀብሎ ለቪው ዳታ ወደሚያቀብለው) ላውጣው ወይስ ወደ ሞዴል (ዳታውን ወደሚወክለው)? አለቃዬ ከጀርባዬ ቆሟል።

ሴሚኮለን፦ ፍሬምወርኩ ምንድን ነው? ጠንቋይ አይደለንም።

እንቅልፍ አልባ፦ ይቅርታ፣ ላራቬል፣ የፒኤችፒው።

ጋሽ ሰርቨር፦ ካሹን (በጊዜያዊነት የተቀመጠውን ቅጂ) አጽዳው።

የድሮ ሰው፦ ልጄ፣ ከሥሩ እንየው። ትሪግቬ ሬንስካውግ ኤምቪሲን (ኮዱን ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር ብሎ መከፋፈሉን) በ1979 እ.ኤ.አ. ዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ሆኖ ሲያስበው፣ ቪው ያለውን እንዲያሳይ እንጂ ሥራ እንዲሠራ አልነበረም። የዛሬው ዌብ ከያኔው ቢለይም...

ማሂ፦ ጋሼ፣ የልጁ ቤት እየነደደ እርስዎ ስለ መሠረት አጣጣል ያወራሉ 😂

ሌሊት ወፍ፦ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ሰርቪሱን የትም ብትወስደው 20 ሰከንዱ ይከተልሃል። ስንት ትዕዛዝ አለ?

እንቅልፍ አልባ፦ 4,000 ገደማ። ትናንት ማታ የድሮዎቹን ሁሉ አስገባናቸው። ከዚህ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም።

ሌሊት ወፍ፦ ኧረ እሱን ነበር መጀመሪያ መናገር! ለዝርዝሩ 1 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ)፣ ለየትዕዛዙ ደንበኛ ደግሞ 4,000። እያንዳንዱ 5 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ይኸው 20 ሰከንድህ። ኮንትሮለሩ ውስጥ ትዕዛዞቹን ስታመጣ በ«ዊዝ» ደንበኞቹን አብረህ ጫን፤ 2 ኩዌሪ ይበቃል። በ«ፔጂኔት» ደግሞ 50 50 አድርገህ አሳይ። ሰርቪሱን ነገ ተረጋግተህ በኮንስትራክተር (ኮንትሮለሩ ሲፈጠር በሚሠራው ኮድ) ለኮንትሮለሩ ስጠው። ቅናሹ እዚያ ይሰላ፣ ቪው የተሰላውን ያትም። ቀን ማሳመር፣ «ትዕዛዝ የለም» ማለት የመሳሰለው ቪው ውስጥ ቢቀር ማንም አይከስህም።

ሴሚኮለን፦ በየገጹ ለሚደጋገም ነገር፣ ለምሳሌ ለሜኑ፣ ለቪው ዳታ በራሱ የሚያቀብል ቪው ኮምፖዘር አለ። ሁሉንም ኮንትሮለር ላይ አትቆልሉበት።

ጋሽ ሰርቨር፦ ካሹን አጽድተኸዋል ግን?

እንቅልፍ አልባ፦ አጽድቻለሁ ጋሼ። «ዊዝ»ም ጨመርኩ። ያው ነው!!

ሌሊት ወፍ፦ ሰርቪሱን ክፈተው። ትዕዛዙን ሳይሆን የደንበኛውን ቁጥር ተቀብሎ በ«ፋይንድ» ራሱ የሚፈልግ ከሆነ፣ አስቀድመህ የጫንከውን ዞር ብሎ አያየውም። ትዕዛዙን እንዳለ ስጠው።

ማሂ፦ እኔም እዚያው ላይ ተይዣለሁ። እንቅልፍ አልባ፣ ተፈታልህ?

ማሂ፦ አለህ?

ጋሽ ሰርቨር፦ ተኝቶ ይሆናል።