«ባዶ መሬት» ስለተባለው የዓባይ ዳርቻ

ዘንባባ፦ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን በሚያቋርጥበት ዳርቻ አሸዋ ተነጥፎ መዋኛና ሎጅ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ የደገፉ አንድ አባል ትናንት እዚሁ «ባዶ መሬት ነው፤ ማን ይጎዳል?» ብለው ጽፈዋል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ለታንኳ ደንገል የሚያጭዱበት፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባበት፣ ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ የሚግጥበት ስፍራ ባዶ የሆነው ለማን ዓይን ነው?

ጀልባ ነጂ፦ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም እጽፈዋለሁ። በጸጥታው ችግር እንግዳ ከጠፋ ወዲህ አስጎብኚው ሥራ ፈትቶ፣ ጀልባው ታስሮ ይውላል። ለእነዚህ ሰዎች ዳርቻው ባዶ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ይህ ምዝገባ ደግሞ ቀጠና ለይቶ ያስተዳድራል እንጂ ቱሪዝምን አይከለክልም።

የይልማና ልጅ፦ የትኛው ቀጠና ውስጥ እንደሚሠራ ግን አልነገሩንም። ደንገል ደለል ይይዛል፣ ከከተማው የሚወርደውን ቆሻሻ ያጣራል፤ እሱን ነቅሎ አሸዋ ማልበስ ውበት ከተባለ፣ የሎጁን መጸዳጃ ፍሳሽ ማን ሊያጣራው ነው? ደግሞስ በጣና ቢልሃርዚያ መኖሩ እየታወቀ እንግዳን ግባና ዋኝ ማለት ምን የሚሉት መስተንግዶ ነው?

ጀልባ ነጂ፦ የቢልሃርዚያው ቀንድ አውጣ የሚጠለለው እኮ እርስዎ በሚከላከሉለት ሣር ውስጥ ነው። ስለ ዓባይ ማልቀስ ካስፈለገ ጢስ ዓባይን ያሳነሰው ቱሪስት አይደለም፤ ውኃው ወደ ተርባይን ተጠልፎ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። ያኔ «ባዶ» የሆነው ፏፏቴ ነበር፤ የተቆጣ ግን አላየሁም።

ዘንባባ፦ አንዱ ጉዳት ለሌላው ፈቃድ ሊሆን ነው ማለት ነው? ከመብራቱ እኮ ቢያንስ እርስዎም ይጠቀማሉ፤ ከሎጁ በረንዳ ግን ታንኳ ሠሪው የሚያገኘው ምንድን ነው? ደንገሉ ከተነቀለ በኋላ ለጌጥ የሚሆን ታንኳ ግድግዳ ላይ ይሰቀልለት ይሆናል።

እምቦጭ ጠላቴ፦ የፍሳሽ ነገር ካነሣችሁ፣ እምቦጭ የሚፋፋው ውኃው ውስጥ በሚገባ ፍግና ማዳበሪያ ነው። አረሙ መጀመሪያ የታየው በጎንደር በኩል ባለው በመገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ ሳለ፣ ወቀሳው ሁሉ ባሕር ዳር ሆቴሎች ላይ መውረዱ ግን ፍትሕ አይደለም።

ደምቢያ፦ ጎጃሜው ቆሻሻውን በጎንደር ማሳበብ ጀመረ! ማዳበሪያ በመገጭ በኩል ብቻ የሚገባ ይመስል። ከጎጃም ወደ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይስ የሚመጣው ከየትኛው ማሳ ነው?

እምቦጭ ጠላቴ፦ ከሰከላ የሚመጣው ከግሽ ዓባይ ጸበል ነው፤ ጸበልን ከማዳበሪያ ጋር የሚቆጥር ሰው ጋር አልከራከርም።

የይልማና ልጅ፦ ጸበሉ የሚመነጨው ሰከላ ነው፤ ሐይቁ እስኪደርስ ግን በስንት ማሳ መካከል እንደሚያልፍ ሰከላዎች ራሳቸው ያውቁታል። እኛ የጠየቅነው ስለ ሎጁ ነው። «ማን ይጎዳል?» ያሉት ሰው እስካሁን አልመለሱም።

ጀልባ ነጂ፦ መልሻለሁ፤ እርስዎ ማንበብ አልወደዱም። የባሕር ዳር ወጣት ሥራ ሲያጣ ማን ይጎዳል?

ዘንባባ፦ በጥያቄ መመለስዎን አይቻለሁ። ታንኳ ሠሪውም የባሕር ዳር ሰው ነው፤ ሥራም አለው።